ቢላ ቤት ውስጥ መሳል፦ ድንጋይ ልግዛ ወይስ በሞተር ለሚስል ሰው ልስጥ?

የጓዳ እመቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቢላ አለኝ። አንዱ ስለቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰፊ የማይዝግ ቢላ ነው። ሁለተኛው ከምናለሽ ተራ የተገዛ፣ ከባሌስትራ (ከመኪና ስፕሪንግ ብረት) የተሠራ የሥጋ ቢላ፤ ሦስተኛው ትንሽ የድንች መላጫ። ሦስቱም ደንዘዋል። ቲማቲም ላይ ይንሸራተታሉ፣ ሽንኩርቱን ከመክተፍ ይልቅ ይጨፈልቁታል። በሞተር ለሚስል ሰው ሲሰጡ ሦስት ቀን ያህል ጥሩ ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ከበፊቱ ይብሳሉ። ያለሁት ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግቢ የለም፣ ውሃም በፈረቃ ነው። በዓሉ ሳይደርስ ራሴ መሳል ብፈልግ ምን ልግዛ? ከየትኛው ቢላ ልጀምር?

ሞረድ፦
እህቴ፣ ሦስት ቀን ብቻ የሚቆርጥ ቢላ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ብረት ሲሳል፣ ከሚሳለው ገጽ ማዶ ጠርዙ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ሻካራ ብረት ይታጠፋል። እኔ ክር ነው የምለው፤ እዚህም በዚሁ ስም እንግባባ። ክሩ ቀጥ ብሎ ከቆመ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ግን የደከመ ስስ ብረት ስለሆነ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ሳያልቅ ይተኛል ወይም ይበጠሳል፤ ሲበጠስ የሚተወው ጠርዝ ደንዛዛ ነው። ስለዚህ መሳል ማለት መጀመሪያ ክሩን ከእጀታው ሥር እስከ ጫፍ ማውጣት፣ ቀጥሎ ያንኑ ክር ማንሳት ነው። ለማንሳቱ ደቃቅ ድንጋይና ትዕግሥት ስለሚያስፈልግ፣ በሞተር ተስለው የሚመለሱ ቢላዎች አብዛኛውን ጊዜ ከነክራቸው ነው የሚመለሱት።

ሌላው ጣጣ ሙቀት ነው። የቢላ ብረት ከጠነከረ በኋላ ቶሎ እንዳይሰበር እንደገና በልኩ ይሞቃል፤ ለወጥ ቤት ቢላ ይህ በአብዛኛው ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ነው። ደረቅ ግራይንደር (ያለ ውሃ በፍጥነት የሚዞር የሞተር መሳያ) ላይ ስሱ ጠርዝ በቅጽበት ከዚያ ያልፋል። ካርቦን ብረት (እንደ ባሌስትራው የሚዝገው ዓይነት) ከሆነ ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ ከ200 ትንሽ ከፍ ሲል እንደ ገለባ ቢጫ ይሆናል፣ 300 አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ። ሰማያዊ የሆነ ጠርዝ ለስልሷል። ወዲያው ውሃ ውስጥ ቢነከርም ጥንካሬው አይመለስም። ያ ክፍል በድንጋይ ተበልቶ እስኪያልቅ መሳል ነው ያለው አማራጭ። ባሌስትራውን ወደ መስኮት ብርሃን ይዘሽ ጠርዙን እዪው፤ ሰማያዊ ካለበት ንገሪን።

ስለ ግዢው፦ አንድ ባለ ሁለት ፊት ድንጋይ ይበቃል። ቁጥር የተጻፈበት ካገኘሽ 400 እና 1000 የሆነውን ውሰጂ (ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ ይለሰልሳል)፤ ርዝመቱ ከ18 ሳንቲ ሜትር አይነስ። የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የሚሸጡት ጥቁርና ግራጫ ካርቦረንደም ብዙ ጊዜ ቁጥር የለውም፤ ሻካራው ፊት 120፣ ለስላሳው 240 አካባቢ ነው። እሱም ክር ለማውጣት ጎበዝ ነው፣ ለመጨረስ ግን አይሆንም። እሱን ከገዛሽ ማጠናቀቂያውን በብርጭቆ ወረቀት ትሠሪዋለሽ። በመጀመሪያ የምትስይው ሰፊውን የማይዝግ ቢላ ይሁን።

ተክለ ሃይማኖት ማዞሪያ፦
በሞተር የሚስሉትን ሁሉ አንድ ላይ ባናወግዛቸው። ትልቅ ጎማ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት የሚሠራ መሳያ ቢላ አያቃጥልም። በእግር እየተረገጠ የሚዞረውም እንዲሁ። መለያው ቀላል ነው፦ ሳዩ ቢላውን ባዶ ጣቱን ጠርዙ አጠገብ አድርጎ የሚይዝ ከሆነና በየሁለት ሦስት ምቱ ውሃ የሚነክር ከሆነ ሥራውን ያውቃል። ጓንት አድርጎ፣ የእሳት ብልጭታ እያፈነዳ፣ በአንድ ትንፋሽ ከእጀታ እስከ ጫፍ የሚጎትት ከሆነ ቢላሽን ይዘሽ ተመለሺ።

ደግሞ አጥንት መትቶ ሦስት ሚሊ ሜትር የተሸረፈ ቢላ በእጅ ድንጋይ ይስተካከል ማለት ክንድ መጨረስ ነው። ለእንዲህ ያለው ሞተር ያስፈልጋል።

ሞረድ፦
ትክክል ነህ ወንድሜ፣ በሽራፊው ጉዳይ ላይ እስማማለሁ። ሽራፊውን በሞተር አስወጥታ ማጠናቀቂያውን ቤት ብትሠራው ይሻላል። ሲመለስ ግን አንድ ነገር ታይ፦ በሞተር የተሳለ ቢላ ብዙ ጊዜ እጀታው ሥር ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ምክንያቱም ሳዩ ጎማው ላይ የሚያሳርፈው እዚያ ነው። ቢላውን መክተፊያ ላይ አቁመሽ ከኋላው የባትሪ መብራት አብሪ። ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ ካለ እዚያ ቅጠል ሳይበጠስ ተያይዞ ይቀራል። የጎመን ክትፎ እንደ ዶቃ ተያይዞ የሚመጣው በዚህ ነው።

ሽክና፦
አንግሉን እንዴት ትለኩታላችሁ? ሁሉም 20 ዲግሪ ይላል፣ ጓዳ ውስጥ ግን ማን ፕሮትራክተር ይዞ ይቆማል?

ሞረድ፦
ሲሶና ሩብ ብቻ ያዢ። የቢላውን ስፋት ከስለት እስከ ጀርባ ለኪ። ጀርባውን ከድንጋዩ የስፋቱን ሲሶ ካነሳሽ 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሩቡን ካነሳሽ 15 ዲግሪ ገደማ፤ ግማሹን ካነሳሽ 30 ዲግሪ። ሂሳቡ ለማንኛውም ቢላ አንድ ነው። ለምሳሌ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቢላ ለ20 ዲግሪ ጀርባው 15 ሚሊ ሜትር ይነሳል፤ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ የድንች መላጫ 8 ሚሊ ሜትር። ካርቶን ደራርበሽ በዚያ ቁመት አጣብቂና ድንጋዩ ዳር አስቀምጪ፤ በየጊዜው ጀርባውን እያስነካሽ እጅሽን ታርሚዋለሽ።

ለማይዝጉት የተለመዱ ቢላዎች ሲሶ። ጠንካራ ለሆኑት የጃፓን ቢላዎች ሩብ። ለሥጋ ባሌስትራ ከሲሶ ትንሽ ከፍ። አጥንት ለሚመታ መጥረቢያ ግማሽ። ቀጭን አንግል በቀላሉ ይቆርጣል ግን ቶሎ ይታጠፋል ወይም ይሸረፋል፤ ወፍራሙ ይቆያል ግን ጉልበት ይጠይቃል።

እውነቱን ለመናገር ከቁጥሩ ይልቅ ሳይለዋወጥ መቆየቱ ነው ዋናው። 18 ይሁን 22 ሽንኩርቱ አያውቅም። አንዴ 15 አንዴ 25 እየሆነ የሚሄድ እጅ ግን ጠርዙን ያድቦለቡለዋል፣ ያ ነው የማይቆርጠው።

የጓዳ እመቤት፦
ባለ 400 እና 1000 ድንጋይ ተገኝቷል። ባሌስትራው ላይ ሰማያዊ የለም፣ ግራጫ ነው። አሁን ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ፣ እባካችሁ ምንም ሳትዘሉ።

ሞረድ፦
እሺ። ውሃ በፈረቃ መሆኑ አያሳስብ፤ አንድ ጆግ ይበቃል።

ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ንከሪው። አረፋ መውጣቱ እስኪቆም፣ አሥር ደቂቃ ያህል። አረፋ ጨርሶ የማያወጣ ከሆነ መንከሩ አያስፈልገውም፣ ላዩን ማርጠብ ይበቃዋል። እርጥብ ፎጣ አጥፈሽ ጠረጴዛው ላይ አንጥፊና ድንጋዩን በላዩ አስቀምጪ። ድንጋይ ከተንሸራተተ አንግልም ጣትም ይጠፋል፤ ይህን አትዝለይ።

የስለቱን ዳር ግራና ቀኝ በማርከር ቀቢ። ባለ 400ውን ፊት ወደ ላይ አድርጊ። ቢላውን በቀኝ እጅሽ ያዢ፣ ስለቱ ወደ አንቺ ይሁን፣ ድንጋዩ ላይ ትንሽ ሰያፍ አድርገሽ አስተኚውና ጀርባውን ሲሶ አንሺ። የግራ እጅሽን ሁለት ሦስት ጣት ስለቱ አጠገብ ገጹ ላይ አሳርፊ፤ የሚሳለው ጣትሽ የተጫነው ቦታ ነው። አራት አምስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አድርጊና ማርከሩን እዪ። ከጠርዙ ላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባውን በጣም አንስተሻል። ከላይ ለቆ ጠርዙ ላይ ከቀረ በጣም አስተኝተሻል። ከላይ እስከ ጠርዝ እኩል ከለቀቀ ያንን አቋም እጅሽ እንዲለምደው አድርጊ።

ግፊቱን ለማወቅ ድንጋዩን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጪና ተጫኚ። ለሻካራው ፊት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ፣ ለለስላሳው ግማሽ ኪሎ ገደማ። ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው።

ከእጀታው ሥር ጀምረሽ በየጣትሽ ስፋት እየተሻገርሽ እስከ ጫፍ ሂጂ። ጫፉ ወደ ላይ ስለሚጠማዘዝ እዚያ ስትደርሺ የእጀታውን ክንድ ትንሽ ከፍ አድርጊ፤ አለዚያ ጫፉ ሳይነካ ይቀራል። አሁን ክሩን ፈልጊ። አውራ ጣትሽን ከጀርባው ወደ ስለቱ፣ ከጠርዙ ወደ ውጭ አንሸራትቺ፤ ፈጽሞ በስለቱ ርዝመት አይሁን። ያልሳልሽው ገጽ ላይ የሚይዝ ሻካራ ነገር ከተሰማሽ ክሩ እሱ ነው። ጣትሽን ካላመንሽ ጥጥ አሳልፊበት፤ ክር ያለበት ቦታ ጥጡን ይይዘዋል። አንድ ሳንቲ ሜትር ላይ እንኳ ካልወጣ፣ እዚያች ቦታ ተመለሺ። ክሩ ከዳር እስከ ዳር ሳይወጣ ገልብጦ መሄድ ነው ጀማሪን የሚያደክመው ስሕተት። በጣም የደነዘ ቢላ ለአንድ ገጽ ብቻ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል።

ክሩ ሲሞላ ገልብጪና በሌላው ገጽ ድገሚው። ይኼኛው ፈጥኖ ይመጣል። ከዚያ ድንጋዩን ወደ 1000 አዙሪና ሁለቱንም ገጽ በቀላል እጅ እንደገና ስዪ፤ የምትፈልጊው የ400ው ጭረት ጠፍቶ ክሩ እንዲያንስ ነው።

ክር ማንሳቱ እዚህ ይጀምራል። እዚያው 1000 ላይ፣ ስለቱ እየቀደመ፣ ከድንጋዩ ስስ ቅጠል እንደምትገፊ ያህል፦ አምስት ምት በአንድ ገጽ፣ አምስት በሌላው፤ ከዚያ ሦስት በሦስት፤ ከዚያ አንድ በአንድ አሥር ጊዜ። ግፊቱ የቢላው ክብደት ብቻ ይሁን። በየመሃሉ ጥጡን ሞክሪ። ጥጥ የሚይዝ ቦታ ከጠፋ፣ የድሮ የቆዳ ቀበቶ የውስጥ ገጽ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ለጥፈሽ ጀርባው እየቀደመ በየገጹ አሥር ጊዜ ጎትቺ። ቀበቶ ከሌለ አራት ጊዜ የታጠፈ ጋዜጣ ድንጋዩ ላይ አንጥፊ።

ፍተሻው፦ ስለቱን ወደ ላይ አድርገሽ አምፖል ሥር ያዢ። የደነዘ ጠርዝ ብርሃን መልሶ ነጭ መስመር ያሳያል፤ የተሳለ ጠርዝ አይታይም። ከዚያ ጋዜጣ በአንድ እጅ ይዘሽ ከላይ ወደ ታች ቁረጪ። ወረቀቱን የሚይዝበት ቦታ ካለ ያች ነጥብ ላይ ክር ቀርቷል ወይም በደንብ አልተሳለም።

ጀማሪ፦
ድንጋይ መግዣ ለጊዜው የለኝም። በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ይሆናል?

ሽክና፦
ይሆናል፣ በደንብም ይሆናል። የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆች ያላቸውን ጥቁሩን፣ ውሃ የሚችለውን ወረቀት ግዛ፤ ቡናማው የእንጨት ወረቀት ውሃ ሲነካው ይፈርሳል። 400፣ 1000 እና 2000 አንዳንድ ቅጠል በቂ ነው። ወፍራም መስታወት ላይ ውሃ ረጭተህ ወረቀቱን ለጥፍ፤ ውሃው ራሱ ይይዘዋል። የወለል ሴራሚክ ቁራጭም ይሠራል፣ ብቻ አንዳንዱ መሃሉ ጎበጥ ያለ ስለሆነ በማስመሪያ ፈትሽ።

ከድንጋዩ የሚለየው አንድ ሕግ፦ ሁልጊዜ ጀርባው ይቅደም፣ ስለቱ ይከተል። ስለቱን ወደፊት ከገፋህ ወረቀቱን ይቀደዋል፣ አንዳንዴም ጣትህን። ሌላው፣ ወረቀት ከሥሩ ትንሽ ስለሚሰጥ ግፊት ከበዛ ወደ ጠርዙ ተጠቅልሎ ያድቦለቡለዋል። ቀላል እጅ። ወረቀቱ ሲያረጅ መቁረጡን ያቆምና ማለስለስ ብቻ ይጀምራል፤ ድምፁ ከሻካራ ወደ ዝምታ ሲቀየር ቦታ ለውጥ።

ወይራ እጀታ፦
ስለ ባሌስትራው ቢላ ዘርዘር አድርጎ ያነሳ የለም። እመቤት፣ እሱ ከማይዝገው ጋር በአንድ ዓይን አይታይም።

የመኪና ባሌስትራ ግማሽ በመቶ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ካርቦን ያለው ስፕሪንግ ብረት ነው። ጥሩ ቢላ ይወጣዋል። ነገር ግን ቀጥቃጩ የሚያጠነክረው የእሳቱን ቀለም በዓይኑ እያየ ስለሆነ አንዱ ቢላ ከሌላው ይለያያል፤ አንዳንዴም የአንዱ ቢላ ጫፍና ሥሩ ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ በሞረድ ፈትኝው። ስል የሆነ ሞረድ ጠርዙ ላይ ቀስ ብለሽ ግፊ። ተንሸራቶ እንደ መስታወት ከጮኸ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ በሲሶ ስዪው። ነክሶ ዱቄት ካወጣ ለስላሳ ነው፤ ከሲሶ ከፍ አድርጊና ቶሎ ቶሎ እንደምትስይው እወቂ። በጣም ለስላሳ ከሆነ ሻካራውን ሥራ በራሱ በሞረዱ መጨረስ ይቻላል፣ ድንጋይ ማባከን አያስፈልግም።

ሁለተኛው የነዚህ ቢላዎች ችግር ውፍረት ነው። ስለቱ ምላጭ ሆኖ እንኳ ካሮት ሲቆርጥ ጧ ብሎ ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም። ከጠርዙ አምስት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ከበለጠ ትከሻውን ማሳሳት ያስፈልጋል። ጀርባውን ድንጋዩን ሊነካ እስኪል አስተኝተሽ፣ በሻካራው ፊት ከጠርዙ በላይ ያለውን ትከሻ ትበያለሽ፤ ጠርዙ ላይ ስትደርሺ ታቆሚያለሽ። ረጅም ሥራ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ከፍሎ መሥራት ይቻላል። ለጥሬ ሥጋና ለክትፎ ብቻ ከሆነ ግን አትድከሚ፤ ሥጋ ለስላሳ ስለሆነ ውፍረቱን አይቆጥረውም።

ግራጫው ቀለም ዝገት አይደለም። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሎሚ ካርቦን ብረት ላይ የሚተዉት ልብስ ነው፤ እንዲያውም ከቀዩ ዝገት ትንሽ ይከላከላል። በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እየፈተጉ ማንሳት ኪሳራ ነው። ቀይ ዝገት ከመጣ በእርጥብ ጨርቅ የተነፋ አመድ ወይም ቤኪንግ ሶዳ ይዘሽ ፈትጊው፣ አጥበሽ አድርቂው። ክረምት ላይ ለሳምንት የማትጠቀሚበት ከሆነ ቫዝሊን በጣም ስስ አድርገሽ ቀቢው፣ ከመጠቀምሽ በፊት እጠቢው። የኑግ ዘይት አትቀቢ። አየር ሲያገኘው ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል።

ተክለ ሃይማኖት ማዞሪያ፦
ጋሼ፣ ዘይት ካነሱ አይቀር፣ ካርቦረንደም ድንጋይ ላይስ? ብዙ ሰው ዘይት ጠብ ያደርግበታል።

ወይራ እጀታ፦
የምግብ ዘይት ከሆነ ድንጋዩን ይገድለዋል። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይረጋል፣ ከዚያ ድንጋዩ ይንሸራተታል እንጂ አይበላም። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሆናል፣ ስስ ነውና። ግን አንዴ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ወደ ውሃ በቀላሉ አይመለስም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው መወሰን ነው። እኔ ለጓዳ ውሃ ነው የምመክረው፤ አንድ ጠብታ ላርጎ ሲጨመርበት ብናኙን ያንሳፍፋል። በምግብ ዘይት የተያዘ ድንጋይ ካለ በፈላ ውሃና ላርጎ ደጋግሞ መፋቅ፣ ካልተመለሰም ላዩን አሸዋ ላይ አሽቶ አንድ ንብርብር ማውለቅ።

ሽክና፦
በየሳምንቱ ድንጋይ ማውጣት አያስፈልግም። በመካከል የሚያቆየው የቢላ ማንቂያ ዘንግ ነው፤ ሥጋ ቆራጮች የሚይዙት ድቡልቡል ብረት። ቢላ መክተፊያ ሲመታ ጠርዙ አይበላም፣ ወደ ጎን ይተኛል። የብረት ዘንጉ የተኛውን ያቆመዋል፤ ለዚህ ነው ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ቢላው የሚነቃው። ዘንጉን ጫፉን ፎጣ ላይ ተክለሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ቢላውን በዚያው ሲሶ አንግል ከሥሩ እስከ ጫፉ ወደ ታች ሳቢ፣ በየገጹ አራት አምስት ጊዜ። ቀላል እጅ። ሥጋ ቆራጮች አየር ላይ የሚያፏጩት ፍጥነት ለጓዳ አይጠቅምም።

ጥርስ ያለው ሻካራ ዘንግ ለለስላሳ ብረት ነው። ጠንካራውን የጃፓን ቢላ እዚያ ላይ ካሳለፋችሁ ጠርዙ በደቃቁ ይሸረፋል።

ዘንግ ከሌለ የትልቅ የሻይ ኩባያ ወይም የሸክላ ሳህን ቂጥ ገልብጡ። ያ ብርጭቆ ያልለበሰው ሻካራ ቀለበት ደቃቅ ሴራሚክ ነው፤ ቢላውን በቀላሉ ያነቃዋል። የቡና ሲኒም ተመሳሳይ ቀለበት አለው፣ ነገር ግን ከማነሱ የተነሳ ከእጅ ያመልጣል፣ ስለቱም ከጣት ጋር ይቀራረባል፤ እሱን ተዉት። ስትጨርሱ ኩባያው ላይ ጥቁር የብረት መስመር ይቀራል። ተፈትጎ ሲታጠብ ይለቃል።

ዘንጉ ማንቃት ሲያቅተው ድንጋዩ ይወጣል። በየቀኑ ለሚበስልበት ቤት ሁለት ሦስት ወር ገደማ።

ጀማሪ፦
ከሱቅ የሚሸጡት፣ ሁለት ቀጭን ብረት መሃል ቢላ የሚጎተትባቸው መሳያዎችስ?

ሞረድ፦
መሃላቸው ያለው በጣም ጠንካራ ካርባይድ ነው፤ ጠርዙን ይፍቀዋል እንጂ አይስለውም። ከታች ያየኸው ቀጭን የብረት ቅርፊት የቢላህ ዕድሜ ነው። ጠርዙን የተቀደደ መጋዝ አስመስሎ ስለሚተወው ቲማቲም ለሁለት ቀን ይቆርጣል፣ ከዚያ እንደገና መፋቅ ነው። ለርካሽ የድንች መላጫ ይሁንልህ። ለሌላው አትጠቀምበት።

ሽክና፦
እመቤት፣ ከተሳለ በኋላ ቢላ የሚገድሉትን ልጨምርልሽ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ጓዳችን ውስጥ ናቸው።

ትሪ ላይ መቁረጥ። ሽንኩርት በብረት ትሪ ላይ ወይም በሸክላ ሳህን ላይ አንድ ጊዜ ብትቆርጪ የግማሽ ሰዓት ሥራ ጠፋ። መስታወት መክተፊያም ያው ነው። እንጨት ወይም ፕላስቲክ ብቻ። ከእንጨት ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ለስለት ደግ ነው፤ ወይራ ደግሞ ይከብዳል፣ ብዙ ይቆያል፣ ግን ጠርዙን ቶሎ ያስተኛል።

የተከተፈውን በስለቱ መጥረግ። መክተፊያው ላይ ያለውን ሽንኩርት ወደ ድስት ስትገፊ ቢላውን ገልብጪና በጀርባው ግፊ።

ዶሮ። 12ቱን ብልት ስታወጪ ቢላው መገጣጠሚያውን ማግኘት አለበት እንጂ አጥንት መስበር የለበትም። ጭኑን ወደ ኋላ አጥፈሽ መገጣጠሚያው ሲከፈት በመካከሉ አሳልፊ። አጥንት ላይ ከቆመ አትጠምዝዢው፤ ስስ ስለት ይበልጥ የሚሸረፈው ሲጠመዘዝ ነው። ጎድን የሚመታው መጥረቢያ ነው።

በረኪና። የማይዝግ የሚባለውም ይዝጋል፤ በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን በላዩ ላይ ያለውን መከላከያ ሽፋን ይሰብርና ደቃቅ ቀዳዳ ያወጣበታል። ጠርዙ ላይ ከወጣ ስለቱን ይበላዋል። በላርጎና በስፖንጅ ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ፤ እቃ ማጠቢያ ውስጥ ከማንኪያ ጋር ተነክሮ አይደር።

ማስቀመጫ። መሳቢያ ውስጥ ከሹካ ጋር ከተጋጨ ባይጠቀሙበትም ይደነዝዛል። ከካርቶን አፎት ሥሪለት፦ የቢላውን ርዝመት አጥፈሽ ሁለት ዳሩን በፕላስተር ዝጊው።

ስለ ሽንኩርት እንባም፦ ደንዛዛ ቢላ የሽንኩርቱን ሕዋስ ይጨፈልቀዋል፣ ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝ የሚፈጠረው በተጨፈለቀው ልክ ነው። ለዶሮ ወጥ ሦስት ኪሎ ለምትከትፍ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የጓዳ እመቤት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰፊው ቢላ መሃሉ ጋዜጣ ይቆርጣል። ሦስት ነገር ግን አልገባኝም። እጀታው ሥር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አይቆርጥም። ጫፉም እንዲሁ። የቢላው ጎን ደግሞ ተቧጭሯል።

ሞረድ፦
ሥሩ፦ ምናልባት ስለቱ የሚያልቅበት ቦታ ወፍራም አንገት አለው። አንገቱ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ስለሚደገፍ ስለቱ ይነሳል። ድንጋዩን ወደ ጠረጴዛው ዳር አምጥተሽ አንገቱ ከድንጋዩ ውጭ እንዲንጠለጠል አድርጊና ያንን ሁለት ሳንቲ ሜትር ለብቻው ስዪ።

ጫፉ፦ ክንድሽ አልተነሳም። እዚያ ብቻ ማርከር ቀብተሽ ሞክሪ፤ ከላይ ብቻ ሲለቅ ታዪዋለሽ። እጀታውን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጊ።

የጎኑ ጭረት፦ በመካከል ጀርባው ዝቅ ብሎ ድንጋዩን ነክቶታል። ለመቁረጥ ምንም አይጎዳም። ከፈለግሽ በ1000 ከዚያ በ2000 ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ አርጥበሽ፣ በቢላው ርዝመት ብቻ አሽተሽ ማደብዘዝ ይቻላል።

ጀማሪ፦
ጥርስ ያለው የድፎ ዳቦ ቢላስ?

ሽክና፦
ድንጋይ አይገባውም። አንደኛው ገጹ ጠፍጣፋ ነው፣ ያንን አትንካው። ጥርሶቹ በተቦረቦሩበት ገጽ፣ በጉድጓዱ ልክ የሆነ እርሳስ ላይ 1000 ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለህ እያንዳንዱን ጉድጓድ ሦስት አራት ጊዜ ወደ ውጭ ግፋ። በመጨረሻ ጠፍጣፋውን ገጽ ጋዜጣ ላይ አስተኝተህ አንድ ሁለት ጊዜ ሳበው፣ ክሩ ይነሳል። በዓመት አንዴ ይበቃዋል።

የጓዳ እመቤት፦
አንገቱ ነበር፣ ልክ ብለሃል፤ አሁን ሥሩም ይቆርጣል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የድንጋዩ መሃል ጎድጎድ ማለት የጀመረ ይመስለኛል። ገና አዲስ ነው፣ ተበላሽቶ ነው?

ወይራ እጀታ፦
አልተበላሸም፤ የውሃ ድንጋይ እየተበላ ነው የሚስለው፣ ሁሉም ሰው ደግሞ መሃሉ ላይ ነው የሚያሸው። ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ አንግል አይጸናም፣ ስለዚህ አሁኑኑ አስተካክዪው። ፊቱ ላይ በእርሳስ መስመር እያሰመርሽ ካሬ ካሬ አድርጊው። 120 ወይም 220 ብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ አንጥፈሽ፣ ውሃ አፍስሰሽ፣ ድንጋዩን በክብ እሺው። ዳር ዳሩ መጀመሪያ ይጠፋል፣ መሃሉ ይቀራል፤ የመሃሉ እርሳስ ሲጠፋ ለጥ ብሏል። አራቱን ጠርዞቹንም በወረቀቱ ትንሽ ስበሪያቸው፣ ስል ከሆኑ ይፈረፈራሉ። ከዚያ ጥላ ሥር ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ካስቀመጥሽው ይሰነጠቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትስዪ ከድንጋዩ ሁለት ጫፎች ጀምሪ፣ መሃሉ በራሱ ድርሻውን ያገኛል።